ተለዋዋጭ ሰርኪዩት፣ የማይቋረጥ መዝገብ፦ ዳግም የሚዋቀሩ አናሎግ ቺፖች ከባሮ ወንዝ ዳር ሲታዩ

ወንዙና ልኬቱ

የባሮ ወንዝ በበጋ በጋምቤላ ከተማ ድልድይ ሥር ሲያልፍ ለተመልካች የሚያስፈራ ነገር የለውም። በየካቲትና በመጋቢት ውኃው ይጎድላል፣ አሸዋው ይገለጣል፣ ሰው ጀሪካኑን ይዞ እስከ ውኃው ጠርዝ ድረስ በደረቅ መሬት ይወርዳል። በነሐሴና በመስከረም ግን ያው ወንዝ ሌላ ነው። የገባና የብርብር ወንዞች ተገናኝተው የፈጠሩት ባሮ፣ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ የወረደውን የክረምት ውኃ ተሸክሞ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ500 ሜትር ጥቂት ብቻ ከፍ ብላ ወደ ተቀመጠችው ከተማ ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ ውኃውን የሚሰበስብበት መሬት ስፋት ከ20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከከተማዋ በታች ወደ ኢታንግ አቅጣጫ መሬቱ ሜዳ ነው። ስለሆነም በመለኪያው ዘንግ ላይ የጥቂት ሴንቲ ሜትር ጭማሪ መስሎ የሚታየው ለውጥ በሜዳው ላይ ሲዘረጋ ብዙ ማሳና ብዙ መንደር ይነካል። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያና በ2015 ዓ.ም. መባቻ በክልሉ የደረሰው ጎርፍ የዚህ ምስክር ነው።

የአካባቢው ሕዝብ ይህን ወንዝ ከመሣሪያ በፊት በኑሮው ሲለካው ኖሯል። አኙዋኮች ውኃው ሸሽቶ በተወው እርጥብ ዳርቻ ላይ በቆሎና ማሽላ ይዘራሉ፤ ኑዌሮች ከብቶቻቸውን እንደ ወቅቱ ወደ ከፍተኛው መሬትና ወደ ወንዙ ዳር ያመላልሳሉ። በጽሑፍ የሚያዘው ልኬት የመጣው ግን ከንግድ ጋር ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከብሪታንያ ጋር ባደረጉት ስምምነት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ፤ ጋምቤላ ላይ የተመሠረተው ይህ ጣቢያ እስከ 1956 ድረስ በሱዳን በኩል ሲተዳደር ቆየ። ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ቡና ጭነው የሚመለሱት ወንዙ በሚሞላባቸው ወራት ብቻ ስለ ነበር፣ የውኃው ከፍታ ለመርከቡ አዛዥም ለቡና ነጋዴውም የትርፍና የኪሳራ ጉዳይ ነበር። ባሮ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ተብሎ ወደ ነጭ ዓባይ የሚገባ በመሆኑም፣ የጋምቤላው ልኬት በናይል ተፋሰስ ጥናቶች ውስጥ ቦታ አገኘ።

የዚህ ልኬት ባለቤት እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ የአገራችን ወንዞች ዳር አንድ ሰው ነው። ጧት በ12 ሰዓትና ማታ በ12 ሰዓት ወደ ወንዙ ወርዶ በውኃው ውስጥ የቆመውን የተመረቀ ዘንግ ያነባል፣ ቁጥሩንም በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ የማይጣስ ሕግ አለው። ዘንጉ በጎርፍ ተነቅሎ እንደ ገና ከተተከለ፣ የዜሮው ነጥብ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደ ወጣ ወይም እንደ ወረደ በዚያው መዝገብ መጻፍ አለበት። ያ ማስታወሻ ከጠፋ፣ ከዚያ በኋላ የሚጻፉት ቁጥሮች ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢነበቡ ከቀደሙት ጋር አይገናኙም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ዘመናዊ የኤሌክትሮኒክስ ቴክኖሎጂን ነው፤ ይሁን እንጂ መጨረሻው ወደዚሁ አሮጌ ሕግ ይመለሳል።

በሶልደር የታሰረ ውሳኔ

የዘንጉን ሥራ በኤሌክትሮኒክስ ለመተካት ከተለመዱት መንገዶች አንዱ በውኃው ውስጥ የሚቀመጥ የግፊት ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ ከላዩ ያለውን የውኃ ክብደት ወደ ኤሌክትሪክ ፍሰት ይለውጣል፤ በኢንዱስትሪ ልማድ ዝቅተኛው ልኬት 4 ሚሊአምፔር፣ ከፍተኛው 20 ሚሊአምፔር ይሆናል። እስከ 10 ሜትር የሚለካ ሴንሰር ቢወሰድ ለእያንዳንዱ ሜትር 1.6 ሚሊአምፔር ይደርሰዋል። ፍሰቱ በ100 ኦም ሬዚስተር ውስጥ ሲያልፍ ከ0.4 እስከ 2.0 ቮልት የሚደርስ ቮልቴጅ ይሰጣል፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ውኃ 1.6 ሚሊቮልት ይሆናል ማለት ነው። ይህ ሲግናል ወደ ዲጂታል ቁጥር ከመለወጡ በፊት ማጉያና ማጣሪያ ያስፈልገዋል። የማጉያው መጠንም ሆነ የማጣሪያው ድግግሞሽ የሚወሰነው በሬዚስተሮችና በካፓሲተሮች ዋጋ ነው፤ እነዚህም በሶልደር ከቦርዱ ጋር ተጣብቀዋል።

ችግሩ የሚጀምረው አንድ ነገር ሲለወጥ ነው። የ10 ሜትሩ ሴንሰር ተበላሽቶ በምትኩ የተገኘው የ20 ሜትር ቢሆን፣ አንድ ሴንቲ ሜትር 0.8 ሚሊቮልት ብቻ ይሆናል፤ ማጉያው እጥፍ መሆን አለበት። ከጎኑ የተተከለ የውኃ ፓምፕ በመስመሩ ላይ ረብሻ ቢያስገባ፣ ማጣሪያው መጥበብ አለበት። በቤተ ሙከራ አጠገብ ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በክረምት፣ የሁለት ሳንቲም ሬዚስተር ለመቀየር ባለሙያ መላክ ግን ሌላ ነገር ነው። መንገዱ እስኪደርቅ ሲጠበቅ መለኪያው እጅግ የሚፈለግበት ወቅት ያልፋል። ዳግም የሚዋቀር አናሎግ ሰርኪዩት የቀረበው ለዚህ ዓይነቱ ችግር ነው፤ በሶልደር የታሰረውን ውሳኔ ወደ ማኅደረ ትውስታ ያዛውረዋል።

ቺፑ እንዴት ይሠራል?

በዲጂታሉ ዓለም ይህ ሐሳብ ቀድሞ ተሳክቶለታል። ዛይሊንክስ እ.ኤ.አ. በ1985 ለገበያ ያቀረበው ቺፕ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ተጠቃሚው የሎጂክ ክፍሎቹን እንደ ፈለገ የሚያገናኝበት ነበር። የአናሎግ አቻው ዘግይቶ መጣ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሊና ጉላክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1991 በሜዳ ላይ ሊዋቀር የሚችል የአናሎግ ድርድር በሲሞስ ቴክኖሎጂ ሠርተው አቀረቡ። ሞቶሮላ በ1997፣ ላቲስ ሴሚኮንዳክተር በ1999 የራሳቸውን ቺፖች ለገበያ አወጡ፤ የሞቶሮላን ቴክኖሎጂ የወረሰው አናዲጂም ደግሞ በ2000 ተቋቋመ።

የእነዚህ ቺፖች አካል በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ማጉያ፣ ማወዳደሪያ፣ ካፓሲተርና መሰል ክፍሎች ያሉባቸው የአናሎግ ሕዋሶች ናቸው። ሁለተኛው እነዚህን ሕዋሶች እርስ በርስ የሚያገናኝ የሽቦና የስዊች መረብ ነው። ሦስተኛው የትኛው ስዊች እንደሚዘጋ፣ የትኛው እንደሚከፈት የሚወስነው የውቅር ማኅደረ ትውስታ ነው። ተጠቃሚው አዲስ የውቅር ፋይል ሲጭን ሽቦ አይቆረጥም፣ ክፍል አይነቀልም፤ ነገር ግን ትናንት ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያሳልፍ የነበረው ማጣሪያ ዛሬ ሌላ ማጣሪያ ወይም ማጉያ ይሆናል።

ስዊች መክፈትና መዝጋት ግንኙነትን ይለውጣል፤ የሬዚስተርን ዋጋ ግን እንዴት ይለውጣል? መልሱ ባሮ ዳር በየቀኑ ይታያል። ከአንድ በርሜል ወደ ሌላ በርሜል ውኃ በጀሪካን የሚያመላልስ ሰው ቢታሰብ፣ በሰዓት የሚያሻግረው ውኃ በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ በጀሪካኑ መጠንና በምልልሱ ብዛት። ጀሪካኑን ሳይቀይር ምልልሱን እጥፍ ቢያደርግ የሚያሻግረው ውኃ እጥፍ ይሆናል። በቺፑ ውስጥ ጀሪካኑ ትንሽ ካፓሲተር ነው፤ ሁለት ስዊቾች በየተራ እየተከፈቱ የኤሌክትሪክ ሙል ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ያሻግራል። ይህ ምልልስ ከውጭ ሲታይ እንደ ሬዚስተር ይሠራል፤ ዋጋውም አንድ ሲካፈል ለድግግሞሹና ለካፓሲተሩ ብዜት ነው። የአንድ ፒኮፋራድ ካፓሲተር በሴኮንድ 100,000 ጊዜ ቢመላለስ 10 ሜጋኦም ይሆናል፤ 200,000 ጊዜ ቢመላለስ 5 ሜጋኦም።

መርሁ አዲስ አይደለም፤ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1873 ባሳተመው የኤሌክትሪክና የማግኔት ድርሳኑ ላይ አመልክቶታል። ወደ ቺፕ የገባው ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ጥቅሙም መለዋወጡ ብቻ አይደለም። በሲሊከን ላይ የሚሠራ ካፓሲተር ከታሰበው ዋጋ በመቶ 10 ወይም 20 ሊስት ይችላል፤ በአንድ ቺፕ ላይ ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት ካፓሲተሮች ምጥጥን ግን በሺህ አንድ ያህል ትክክል ሊሆን ይችላል። የማጣሪያው ድግግሞሽ በካፓሲተሮች ምጥጥንና በሰዓት ምቱ ብቻ ስለሚወሰን፣ አምራቹ በፍጹም ዋጋ ላይ ያጣውን ትክክለኛነት በምጥጥን ያገኘዋል።

ሁለተኛ መንገድም አለ። ካህንግና ሲዚ እ.ኤ.አ. በ1967 በቤል ላብራቶሪዎች ያቀረቡት ተንሳፋፊ ጌት ያለው ትራንዚስተር፣ ዙሪያውን በመስታወት መሰል ኦክሳይድ በታጠረ ጌት ላይ የኤሌክትሪክ ሙል አስቀምጦ ለዓመታት ያቆያል። በዲጂታል ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ይህ ሙል «አለ» ወይም «የለም» ተብሎ ይነበባል። በጆርጂያ ቴክ ፖል ሃስለርና ባልደረቦቹ ግን መጠኑን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩና እየቀነሱ ያንኑ ትራንዚስተር ስዊችም፣ ሊስተካከል የሚችል የአናሎግ መለኪያም አደረጉት። ከዚህ ሥራ የወጡት ቺፖች ከተለመዱት በብዙ እጥፍ ባነሰ ኃይል፣ በማይክሮዋት ደረጃ፣ ሲግናልን ያለማቋረጥ ማጣራትና መለየት ችለዋል።

ሙቀት፣ ኖይዝና ስሕተት

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አይገኝም። እያንዳንዱ ስዊች የራሱ ሬዚስታንስና ካፓሲታንስ አለው፤ ሲግናሉ ብዙ ስዊቾችን ባለፈ ቁጥር ይዘገያል፣ ይዳከማል። በካፓሲተር ምልልስ የሚሠራ ሰርኪዩት ሲግናሉን እየቆራረጠ ስለሚወስድ፣ ከሰዓት ምቱ ግማሽ በላይ የሆነ ድግግሞሽ አስቀድሞ በተራ ማጣሪያ ካልተከለከለ ተመስሎ ይገባና እውነተኛውን ልኬት ያሳስታል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ከሶልደር ነጻ የሆነ ጣቢያ የለም፤ ከቺፑ ፊት ለፊት ጥቂት ቋሚ ክፍሎች መቆየታቸው ግድ ነው።

ኖይዝም አለ። አንድ ፒኮፋራድ ካፓሲተር በ27 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚተወው የሙቀት ኖይዝ 64 ማይክሮቮልት ያህል ነው። አስፈሪ ሊመስል ይችላል፤ ከላይ በተሰጠው ምሳሌ አንድ ሴንቲ ሜትር 1.6 ሚሊቮልት በመሆኑ ግን ይህ ኖይዝ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ውኃ ያንሳል። በአንጻሩ ማጉያው በመቶ አንድ ቢስት፣ በ10 ሜትር ከፍታ ላይ ስሕተቱ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለባሮ የሚያሰጋው የሚንቀጠቀጠው ቁጥር አይደለም፤ ሳይንቀጠቀጥ፣ በጸጥታ የተሳሳተው ቁጥር ነው።

የጋምቤላ ሙቀት እንዲህ ያለውን ጸጥተኛ ስሕተት ያባብሳል። በትራንዚስተር ውስጥ ብዙ ነገሮች የሚመኩበት የሙቀት ቮልቴጅ በ27 ዲግሪ 25.9 ሚሊቮልት ሲሆን በ40 ዲግሪ 27.0 ይደርሳል። ልዩነቱ በመቶ 4 ያህል ነው፤ ነገር ግን በዝቅተኛ ኃይል በሚሠሩት ተንሳፋፊ ጌት ሰርኪዩቶች ውስጥ ፍሰቱ ከዚህ ቮልቴጅ ጋር በኤክስፖኔንሻል ስሌት የተያያዘ ስለሆነ ውጤቱ ከዚያ እጅግ ይሰፋል። በሌላ በኩል ከካፓሲተር የሚያፈተልከው ፍሰት ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ይሆናል። በ27 ዲግሪ ቤተ ሙከራ የተፈተነ ቺፕ፣ ፀሐይ በሚመታው የብረት ሳጥን ውስጥ 47 ዲግሪ ቢያገኘው፣ ማፍሰሱ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ቀስ ብሎ የሚሠራ ማጣሪያም የያዘውን ዋጋ ሳያስረክብ ያፈሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ1996 በሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ አድሪያን ቶምፕሰን ያደረገው ሙከራ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። ቶምፕሰን በአንድ ዳግም የሚዋቀር ዲጂታል ቺፕ ላይ፣ አሥር በአሥር በሆነ የሕዋሶች ማዕዘን ውስጥ፣ የ1 ኪሎኸርዝና የ10 ኪሎኸርዝ ድምፆችን የሚለይ ሰርኪዩት በዝግመተ ለውጥ ስልት በኮምፒውተር አስፈለገ። ሰርኪዩቱ ተገኘ፤ ያለ ሰዓት ምትም ሠራ። ነገር ግን የቺፑን ስውር የአናሎግ ባሕርያት ተጠቅሞ ስለ ነበር፣ ሙቀቱ ከተፈተነበት ክልል ሲወጣ ይሳሳት ጀመር። የተዋቀረበትን ቦታ የለመደ ሰርኪዩት በሌላ ቦታ እንግዳ ነው። ስለሆነም ለጋምቤላ የታሰበ ውቅር በጋምቤላ ሙቀት መፈተን ይኖርበታል፤ በደጋ ቤተ ሙከራ የተገኘ ጥሩ ውጤት ለቆላው ዋስትና አይሆንም።

ባሮ ይህን ይፈልጋልን?

በዚህ ላይ ሐቀኛ ጥያቄ መነሣት አለበት። የባሮ ከፍታ በሰዓታት እንጂ በማይክሮሴኮንድ አይለወጥም። በየሩብ ሰዓቱ ነቅቶ፣ አንድ ቁጥር አንብቦ፣ መልሶ የሚተኛ ርካሽ ማይክሮኮንትሮለር ለዚህ ይበቃል። ማጉያውን መለወጥም ቢያስፈልግ፣ በፕሮግራም የሚስተካከል አንድ ማጉያ ሥራውን ይሠራዋል። ከፍታን ብቻ ለመለካት የአናሎግ ድርድር ማስቀመጥ፣ ጀልባ ለሚበቃው መሻገሪያ መርከብ እንደ ማዘዝ ነው።

ጉዳዩ የሚለወጠው መሣሪያው ሲግናልን ያለማቋረጥ እንዲያዳምጥ ሲፈለግ ነው። የጎርፍ ውኃ ከከፍታው በተጨማሪ ድምፅ አለው፤ ድንጋይና ግንድ ሲያንከባልል የሚፈጥረው ንዝረት ከተለመደው የወንዝ ድምፅ ይለያል። ይህን ለመያዝ መሣሪያው ሁልጊዜ ነቅቶ መጠበቅ ይኖርበታል። 100 ሚሊዋት የሚፈጅ ሰርኪዩት በቀን 2.4 ዋት ሰዓት ይበላል፤ 10 ማይክሮዋት የሚፈጅ ግን ከዚያ አሥር ሺህ ጊዜ ያነሰ። ልዩነቱ በበጋ ላያሳስብ ይችላል። ነገር ግን ጎርፍ የሚመጣው ሰማዩ በደመና በተሸፈነበት፣ የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያው በደከመበት ወቅት ነው። መሣሪያው እጅግ የሚያስፈልግበት ቀንና ኃይሉ የሚያንስበት ቀን አንድ ነው።

ያው ስሌት ከወንዙ ወጥቶ ወደ ሜዳው ይዘልቃል። በጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ የነጭ ጆሮ ቆርኬ ፍልሰት በአንገታቸው ላይ በታሰሩ የሳተላይት መከታተያዎች ተጠንቷል። እንስሳው የሚሸከመው ባትሪ ክብደት ውሱን ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ሚሊዋት የመከታተያውን ዕድሜ ያሳጥራል። አነስተኛ ኃይል የሚወስደው የአናሎግ ክፍል እየጠበቀ፣ ከባዱን የዲጂታል ክፍልና የሬዲዮ ማሠራጫውን አስፈላጊ ሲሆን ብቻ የሚቀሰቅስበት አሠራር ለሁለቱም ይስማማል። ዳግም የመዋቀር ጥቅሙም እዚህ ላይ ይታያል፤ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚጠበቅ ከመነሻው በትክክል ስለማይታወቅ፣ የመጀመሪያው ክረምት ያስተማረው ነገር በሁለተኛው ክረምት ውቅር ውስጥ ሊገባ ይችላል።

መዝገቡ

ከሩቅ ሆኖ መለወጥ መቻል ግን አዲስ አደጋ ያመጣል። ቀድሞ ማጉያን የለወጠ ሰው ወንዙ ዳር ደርሶ፣ ሳጥኑን ከፍቶ፣ ሬዚስተር ነቅሎ ነበር፤ የጉዞ ወረቀቱና የተነቀለው ዕቃ ምስክር ይሆኑበታል። አሁን በአዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው በስልክ መረብ ጥቂት ባይቶች ልኮ ያንኑ ለውጥ ያደርጋል፤ በወንዙ ዳር ምንም የሚታይ ነገር አይኖርም። ከአሥር ዓመት በኋላ መዝገቡን የሚመረምር የድኅረ ምረቃ ተማሪ በአንድ ቀን የ10 ሴንቲ ሜትር ዝላይ ቢያይ፣ ወንዙ ተለውጦ ይሁን ውቅሩ፣ የሚጠይቀው ሰው አያገኝም። ከዚህ የተሳሳተ ተከታታይ ልኬት የሚሰላው የጎርፍ መጠንም የድልድይን ቁመትና የመንደርን ሥፍራ ሊወስን ይችላል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ሦስት ልማዶችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የውኃ ልኬት የተወሰደበትን ውቅር መለያ ቁጥርና የሳጥኑን ሙቀት አብሮ ይያዝ። የውቅር ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ሁሉንም እትሞች ከነቀናቸው ማስቀመጥ ወጪ የለውም። ሁለተኛ፣ ቺፑ ብዙ ሕዋሶች ስላሉት፣ አዲሱ ውቅር ሲጫን አሮጌው ወዲያው አይሰረዝ። አሮጌው በአንዱ ወገን፣ አዲሱ በሌላው ወገን ሆነው ያንኑ ሴንሰር ለጥቂት ሳምንታት ጎን ለጎን ያንብቡ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአሮጌውንና የአዲሱን መዝገብ ማገናኛ ድልድይ ይሆናል። ቋሚ ሰርኪዩት ይህን ለማድረግ ሁለተኛ ቦርድ ይፈልጋል፤ ዳግም የሚዋቀረው ግን በራሱ አካል ውስጥ ይችለዋል። ምናልባትም ለወንዝ ልኬት የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።

ሦስተኛው ልማድ በጽሑፉ መነሻ የተጠቀሰው ሰው ነው። ጧትና ማታ ዘንጉን የሚያነበው ሰው በኤሌክትሮኒክሱ ምክንያት መሰናበት የለበትም። ቺፑ በሙቀት ሲዛባ፣ ማኅደረ ትውስታው ኃይል ሲቋረጥ ባዶ ሲሆን፣ ሴንሰሩ በደለል ሲቀበር፣ በራሱ ላይ ሊመሰክር አይችልም። የሰውየው ሁለት ቁጥሮች ከቺፑ ዘጠና ስድስት የሩብ ሰዓት ቁጥሮች አጠገብ ሲቀመጡ፣ ጸጥተኛው ስሕተት መታየት ይጀምራል። በመዝገቡ ላይ የዘንጉን ዜሮ ለውጥ የሚያሰፍረው እጅም፣ በዚያው ገጽ ላይ «ዛሬ ውቅር ተለወጠ» ብሎ አንድ መስመር ሊጨምር ይችላል።